አርባ አንደኛው ጥያቄ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት
ሐዋሳ

የወለላ ልጅ፣ እንደምን ከረምሽ? የሐዋሳ ሙቀት አላከሳሽም ወይ? የኔን ጤና ከጠየቅሽ ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያማርራል፣ ሲወርድ ይሳደባል፤ ሌላው አካላቴ ተመስገን ነው። የቅኔ ተማሪዎቼ ዘንድሮ አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ ቅኔ ይገባቸዋል፤ ዘጠኙ የሚገባቸው የምሳ ሰዓት ነው። ያም ሆኖ ሸጋ ልጆች ናቸው፤ ውኃ ይቀዱልኛል፣ ሲያዩኝም ይነሣሉ።

በሾፌሩ በየሻው መኪና የላክሽው ፖስታ በኅዳር መጨረሻ ደርሶኛል። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ባሕር ዳር ላይ ሳምንት ከርሞ ነው የመጣው። ወፈር ሲልብኝ ፎቶግራፍ መስሎኝ መነጽሬን እስካገኝ ቸኮልኩ። ብከፍተው ፈተና! ስድሳ ጥያቄ፣ ከየጥያቄው ሥር አምስት አምስት ክብ፣ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በጭራሽ አልስማማም» እስከሚለው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስፈትን ኖሬ በስተርጅና በገዛ ልጄ ልፈተን?

ከፈተናው ጋር ያያያዝሽውን ደብዳቤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። መሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛው ሁሉ ጠባዩን እንዲያውቅ ይህን ጥያቄ አስሞልቶ ሰውን በአሥራ ስድስት ዓይነት ከፍሎታል አልሽኝ። መቼም አሳቀኝ። እኛ ሰፈር ወይዘሮ ሸዋአየሁ ብቻዋን አሥራ ስድስት ናት። ጥያቄውን ለኔ ብለሽ ወደ አማርኛ መመለስሽ ግን ልቤን ነካው። «አባዬ፣ አንተም ሞልተህ ላክልኝ፤ ማንን እንደመሰልኩ ልወቅ» አልሽኝ።

ያንቺን መልስ ከየጥያቄው ጎን አስፍረሽ፣ የወጣልሽን ውጤትም ጽፈሽልኛል። ብቻዋን ስትሆን የምትበረታ፣ ሰው ሲቀርባት የምትቆጣ፣ ለጥምር ኑሮ የማትመች ብሎሻል አሉ። ከዚያ ሥር ያለውን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቃልሽን እንዳለ ልገልብጠው፦ «ፋንታሁን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ እንጋባ ብሎኛል። ሸጋ ሰው ነው። ቁርጡን ለጥምቀት እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ፤ እምቢ ልለው ነው። አንተ ድሮ ኮከቤን ቆጥረህ እሳት ነሽ ብለኸኝ የለ? ይኸው ፈተናውም ያንኑ አለ። ያቃጠልኩት አንድ ሰው ይበቃኛል።» ከወረቀቱ ጥግ ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «ለማንኛውም የእናቱ ስም የትነበርሽ ነው።»

ለማንኛውም ያልሽው ገብቶኛል፣ ልጄ። ሽማግሌ ብሆንም ጅል አይደለሁም። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ፈተናውን እንዴት እንደሞላሁት ልንገርሽ። እውነት ፈተና መስሎኝ ነበርና ሙሉ ማርክ ላመጣ ተነሣሁ። ደግ ደግ የሚመስለውን ክብ እየመረጥኩ ሳጠቁር ሸዋአየሁ ከአራዳ ሱቋ ስትመለስ ሽሮ ይዛልኝ ገባች። ጎረቤት መሆኗ ሳይበቃ ንስሐ አባቴም ልሁን ትላለች።

«ምን ይጽፋሉ የኔታ?» አለች።

«ጠባዬን።»

«እስቲ ያንብቡልኝ!»

ሦስተኛው ጥያቄ «በቀላሉ አልቆጣም» ይላል። በጣም እስማማለሁ ብዬ አጥቁሬ ነበር።

«ኧረ በሥላሴ!» አለች። «ባለፈው ማክሰኞ በዶሮዬ ላይ መቋሚያ የወረወረው ማን ነው?»

«ዶሮሽ ትምህርት መካከል ገብታ ብትጮህ ምን ላድርግ?»

«ተቆጥተዋል ወይስ አልተቆጡም?»

አጠፋሁት። እንደዚያ እየተሟገትን እስከ ስድስተኛው ደረስን። ሽሮው እዚያው ጭኗ ላይ ቀረ።

ሰባተኛው ግን ብዕሬን አስጣለኝ። «ብዙ ሰው መካከል መሆን ያደክመኛል» ይላል። አንቺ በዚህ ላይ በጣም እስማማለሁ ብለሻል። እንዴት ነው ነገሩ? በስድስት ዓመትሽ በጥምቀት ቀሐ ወንዝ ላይ የጠፋሽብን ቀን ትዝ አይልሽም? እኔ ከካህናቱ ጋር እየወረብኩ ነው። እናትሽ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ «ልጄን!» እያለች መጣች። ጸናጽሌን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። ሕዝቡን ስንገፋ፣ ስንጠይቅ፣ ከወንዙ ዳር ከደጋ የወረዱ ባላገሮች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አየን። መካከላቸው አንቺ! አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን አልብሰውሽ፣ ዳቦ አስይዘውሽ፣ ለሠላሳ ሰው መዝሙር ታስተምሪያለሽ። የተሳሳተውንም በጣትሽ ትገሥጫለሽ።

ያን ጊዜ እንደ ተማሪዎቼ አንቺም የኔታ ነበር የምትዪኝ። «የኔታ፣ እነዚህ ዘመዶቻችን ናቸው» አልሽኝ።

«በየት በኩል?»

«እኔ እንጃ። አሁን ነው የሆኑት።»

እናትሽ እያለቀሰች ሳቀች። ያን ሳቋን እስካሁን እሰማዋለሁ። እና ይህች ልጅ ናት ብቻዋን ስትሆን የምትበረታው? ማን ነው ይህን ያለው? ክቡን ትቼ ይህን ከጎኑ ጻፍኩት፤ ሸዋአየሁም እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ይቀጥሉ አለችኝ።

ሃያ ስምንተኛው «ሰው ሳይነግረኝ የልቡን አውቃለሁ» ይላል። አንቺ አልስማማም ብለሻል። እናትሽ ያረፈች ዓመት ማን ነበር ታዲያ? ተማሪ ፊቴ ተቀምጦ ቅኔውን ሲነግረኝ ሳርም ኖሬ፣ ያን ዓመት ቃል እየጠፋኝ ዝም እል ነበር። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንቺ ከመዝጊያው ጀርባ ሆነሽ አንድ ጊዜ ታስይና የጠፋኝን ቃል ቀስ ብለሽ ትዪልኛለሽ። አንድም ቀን አላወራንበት። እራት ላይ ዝም ብለሽ ወጥ ትጨምሪልኛለሽ፣ እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ። ያን ዓመት ያቆመኝ ያ ሳልሽ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ እስከ አርባ ደረስኩ። አርባ አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «እውነት መናገር የምወደውን ሰው የሚያሳጣኝ ከሆነ እደብቀዋለሁ።»

ሸዋአየሁ ጠበቀች።

«ይህቺማ ቀላል ናት! እርስዎ የሐቅ ሰው ነዎት፤ በጭራሽ ይበሉ» አለችኝ።

«ሽሮሽን አስቀምጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኳት።

«ይኸው! በቀላሉ አይቆጡም!» ብላ በሩን ዘግታው ሄደች። ወረቀቱን አጥፌ ከመጻሕፍቱ ሥር ከተትኩት። አሥር ቀን አልነካሁትም።

በአሥረኛው ቀን ማን መጣ መሰለሽ? አያ ዳኛው። የባምላክ አባት። የዓይኑን ሞራ ሊያስነሣ ከመካነ ብርሃን ወርዶ፣ ሐኪሞቹ አንዱን ዓይኑን ሸፍነውለት «ሳልሳለምዎ አልመለስም» ብሎ በዘንግ እየተደገፈ ደጄ ቆመ። ስሙን ስጽፍልሽ ፊትሽ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ታገሺኝና አንብቢ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እሱና ሁለት ሽማግሌዎች አንቺን ለባምላክ ሊጠይቁ የመጡ ቀን፣ እንደ ልማድሽ ከመዝጊያው ጀርባ ነበርሽ። የሰማሽውን ታውቂዋለሽ። ባምላክ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ አስተማሪ ሆኖ ተመድቧል፤ ልጅቱን ይዟት ይውጣ አሉ። እኔም እሺ ልል ስል አያ ዳኛው «በእኛ ዘንድ ኮከብ ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ሌላ ደጅ ከምሄድ እርስዎ ያውቁታል ይሉኛልና ይቁጠሩልኝ» አለ። ተማሪዎቼን ይህ ነገር ኃጢአት ነው፣ አትንኩት እያልኩ የማስተምር እኔ፣ እምቢ ማለት ሲገባኝ ብዕር አምጡ አልኩ። በወጣትነቴ ተምሬው ነበር። ይህን ሰምተሻል። ያልሰማሽውን ልንገርሽ።

መካነ ብርሃን ሲሉ ራቀብኝ። እናትሽ ከሄደች ሁለት ዓመት አልሞላት። አንቺም ስትሄጂ ከመዝጊያው ጀርባ ማን ሊያስልልኝ ነው? ያንቺን ስም ከእናትሽ ከወለላ ስም ጋር ጻፍኩ። ፊደሉን በቁጥር መንዝሬ፣ ደምሬ፣ በአሥራ ሁለት እየገደፍኩ የቀረውን አየሁ። መሬት ወጣሽ። የባምላክንም እንዲሁ። ውኃ ወጣ። መሬትና ውኃ! ከዚህ የበለጠ የሚገጥም የለም፤ ማንንም ገበሬ ጠይቂ። እኔ ግን ወረቀቱን በመዳፌ ሸፈንኩና «እሳት ናት። ልጅህ ውኃ ነው። ወይ ታደርቀዋለች፣ ወይ ያጠፋታል» አልኩት።

ዋሸሁ፣ ልጄ። ይኸው ጻፍኩት። እሳት አልነበርሽም። አንድ ቀንም እሳት ሆነሽ አታውቂም።

አያ ዳኛው ትክ ብሎ አየኝ፤ እጅ ነሥቶ ወጣ። ባምላክ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ብቻውን መጥቶ አንኳኳ፤ «አቃጥለዋለሁ» ብለሽ አልከፈትሽለትም። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ተነሥቼ ከፍቼ «ውሸቴን ነው» ማለት ሁለት ቃል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ሐዋሳ ሄድሽ። መካነ ብርሃን ራቀ ብዬ የሳሳሁብሽ ልጅ አገር አቋርጠሽ ሄድሽብኝ። እሑድ እሑድ ትደውያለሽ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ተማሪዎቹስ?» «ደህና ናቸው።» ይኸው ነው የኖርነው።

እንግዲህ አያ ዳኛው ሻይ ጠጥቶ፣ የዓይኑን ነገር አውርቶ ሲጨርስ፣ አርባ አንደኛው ጥያቄ ትዝ አለኝ። «አያ ዳኛው፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። አንድ ዓይንህ ስለተሸፈነ ደግ ነው፤ ፊቴን ባታየው ይሻላል» አልኩት።

«ይንገሩኝ።»

«ያን ጊዜ የነገርኩህ ኮከብ ውሸት ነበር። ልጄ መሬት ናት የወጣችው። ገጥመው ነበር።»

ሳቅ አለ።

«አውቃለሁ የኔታ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ኮከቡን ነዋ! እርስዎ ዘንድ ከመውረዴ በፊት እዚያው አገሬ ጃናሞራ አስቆጥሬው ነበር። መሬትና ውኃ አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው እንደገና አስቆጠርከኝ?»

«ልጅዎን ወደው ይሰጡኝ እንደሆን ልይ ብዬ ነዋ። አባቷ ሳይወድ የወጣች ልጅ ቤቴ እንድትገባ አልሻም። እሳት ናት ሲሉኝ ገባኝ፤ አልወደዱም አልኩና ተነሣሁ።»

«ምነው ያን ጊዜ ዋሽተሃል አላልከኝ?»

«ሚስትዎ ከሞቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላ። ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት፤ ከልጅቱ በቀር ሰው የለበት። ውሸታም ብዬ ልስደብዎ? አዘንኩልዎ እንጂ።»

ልጄ፣ እኔ ስቆጥር እየተቆጠርኩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰውየው ጠባዬን ያውቀዋል፤ ያውም በአንድ ጥያቄ። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዘንጉን ይዤ እስከ መኪና መናኸሪያ ሸኘሁት። መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሱም «ኧረ ይተዉ የኔታ፣ የተሸፈነው የኔ ዓይን ነው፣ የሚያለቅሱት እርስዎ» እያለ ቀለደብኝ።

ስለ ባምላክ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ርእሰ መምህር ሆኗል፤ አግብቶ ሦስት ወልዷል፤ ጠጉሩ እንደ አባቱ ቶሎ ሸብቷል። ደህና ነው። አልተቃጠለም፣ ማርያማዊት። ያቃጠልሽው ሰው የለም። ተመለሽና ይህን እንደገና አንብቢው።

አሁን የወጣልሽን ውጤት አስቢው። ከሃያ ሦስት ዓመትሽ ጀምሮ እሳት ነኝ ብለሽ ኖረሽ፣ ያንን ወረቀት ስትሞይው፣ በየክቡ ላይ እጅሽን ይዞ የመራሽ የኔ ውሸት ነው። ሰው ሲቀርብሽ የምትቆጪው እንዳይጎዳብሽ ፈርተሽ ነው። ማንን መሰልኩ ብለሽኝ ነበር። እኔን አልመሰልሽም። እኔ ሰው እንዳይሄድብኝ እዋሻለሁ፤ አንቺ ሰው እንዳይጎዳብሽ ትሸሺያለሽ። ያንቺው ይሻላል፤ ግን እሱም ይበቃል።

ፈተናውን እየነቀፍኩ አይደለም። ስድሳ ጥያቄ አርባ ዓመት ከንስሐ አባቴ የደበቅሁትን ጠባይ አውጥቶብኛልና ጥያቄው ሸጋ ነው። መልሱን ግን እንደ መቃብር ድንጋይ አትጫኚው። መሬት ነሽ ብዬም አልተካልሽም፤ እሱም ያው ቆጠራ ነው። ቀሐ ዳር ዘመድ ስታበጂ ያየኋትን ልጅ ነው የማውቀው።

ስለ ፋንታሁን። ስሙንና የእናቱን ስም ለምን እንደላክሽልኝ ገብቶኛል ብዬ የለ? አልዋሽሽም፣ እጄ በልቶኛል። ወረቀት አውጥቼ «ፋ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ብዕሩን ዘጋሁ። አልቆጠርኩትም፤ አልቆጥረውምም። ያን ወረቀት ስማችሁን ጽፌበት በኪዳን ጸሎት ላይ እንዲያስቡልኝ ለካህናቱ ሰጠሁት። እምቢ በዪው ወይም እሺ በዪው አልልሽም፤ ያን መብት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በልቼዋለሁ። እምቢ ብትዪው ግን እምቢ ያልሽው አንቺ ሁኚ፤ የኔ ወረቀት አይሁን። እሺ ብለሽ ይዘሽው ብትመጪ፣ «ዘመዳችን ነው» ብትዪኝ፣ «በየት በኩል?» አልልሽም።

አርባ አንደኛውን ሞልቼዋለሁ። በጣም እስማማለሁ የሚለውን ነው ያጠቆርኩት፤ እንዳይጠፋ ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ሸዋአየሁ አይታው ምንም አላለችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ቀሪውንም ሞልቼ ከዚህ ጋር በየሻው እጅ ልኬልሻለሁ፤ ከጥምቀት በፊት እንዲያደርስልሽ አስምዬዋለሁ።

ክፍልሽ እንዳለ ነው። ተማሪዎቹ እንኳ መጽሐፍ እናስቀምጥበት ቢሉኝ እምቢ አልኳቸው። መዝጊያው አሁንም ይንጫጫል፤ ዘይት ቀቡት ይሉኛል፣ እኔ ግን ድምፁን ለምጄዋለሁ።

በወጣሽበት ይጠብቅሽ፣ በገባሽበት ይቀበልሽ። የምትወጂው እንጀራሽን የሚቆርስ፣ የሚወድሽ እጅሽን የማይለቅ ይሁን። የእናትሽ ጸሎት ካንቺ አይለይ፤ የኔ ጥፋት ካንቺ ይውረድ።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደኢየሱስ

ይህችን አንዲት ጥያቄ ደግሞ እኔ ጨምሬያለሁ። ሞልተሽ ላኪልኝ። መካከለኛዋን ብታጠቁሪም ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

61. አባቴን ይቅር እላለሁ።

በጣም እስማማለሁ ○ ○ ○ ○ ○ በጭራሽ አልስማማም